የሠርጉ ናፕኪን ላይ የበቀለችው «ቡ»

የሙሽራው ስም በ«በ»፣ የሙሽሪት በ«ተ» ይጀምራል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ጥልፍ ቤት 60 ናፕኪን ላይ «ሞኖግራም» (የስማቸው መነሻ ፊደላት የተጣመሩበት ምልክት) እንዲሠራ ታዘዘ። ዲዛይን የሚያወጣው ልጅ ቃሉን እንዳለ ይዞ የ«በ»ን ቀኝ እግር ለ«ተ» ግንድ አደረገው። 22ቱ ካለቁ በኋላ የሙሽሪት እናት መጡ፤ አንዱን አንስተው አገላበጡና «ልጄ፣ ይኼ ‹ቡ› የማን ነው?» አሉ።

ልክ ናቸው። ከ«በ» ቀኝ እግር ወገብ ወደ ውጭ የወጣች ጭረት ካዕብ ናት። በላቲን ፊደል እግር መጋራት ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ በእኛ ፊደል ግን ቅጥያዋ ራሷ ድምፅ ናት።

ልጁ ትርጉሙን አልሳተም። ሞኖግራም በጥብቅ ትርጉሙ መስመር ተጋርተው አንድ አካል የሆኑ ፊደላት ነው። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ንጉሥ የሻርለማኝ የፊርማ ምልክት «ካሮሉስ» (KAROLVS፣ ስሙ በላቲን) ይላል፤ አራቱ ተነባቢዎች በመስቀሉ ጫፎች ሲቀመጡ፣ መሃል ያለችው አንዲት አልማዝ ቅርጽ ሦስቱንም አናባቢዎች ትይዛለች። ሳይፈር ግን (እዚህ ላይ የምስጢር ጽሑፍ ማለት አይደለም) ሙሉ ፊደላት ተጠላልፈው የሚቆሙበት ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የብሪታንያው ንጉሥ ቻርልስ ሦስተኛ ምልክት እንዲህ ነው፤ ሲ (C፣ ቻርልስ) እና አር (R፣ «ሬክስ»፣ በላቲን ንጉሥ) ቢለያዩ አንዱም አይጎድልም።

መፈተኛው ሁለት እርሳስ ነው። አንዱን ፊደል በቀይ፣ ሌላውን በሰማያዊ ቀቡ። የትኛው ቀለም እንደሚገባው የማይታወቅ እግር ካለ ሞኖግራም ነው። ሙሽሮቹ ሲያዙ በስልክ ያሳዩት ፎቶ ያለጥርጥር ሳይፈር ነበር።

አዲሱ ዲዛይን «በ»ን በአረንጓዴ፣ «ተ»ን በወርቃማ ክር ለየ፤ የ«ተ» ክንድ በ«በ» ግራ እግር ላይ ከላይ፣ በቀኙ ከታች አልፎ በሁለቱም ወገን እኩል ወጣ። ዋናው ሥራ መጋጠሚያው ላይ ነው። ከሥር የሚያልፈው ስፌት ካልተቆረጠ ክሩ ይደራረባል፣ ጥልፉ ያብጣል፣ መርፌም ይሰበራል። ልክ ጠርዙ ላይ ከተቆረጠ ደግሞ ስፌቱ ጨርቁን ሲስበው ነጭ ክፍተት ያፈጣል። ስለዚህ በየወገኑ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ከላይኛው ሥር ይተዋል፤ ለስላሳ ጨርቅ ከሆነ ትንሽ ይጨመራል፣ ቁራጭ ላይም ይሞከራል።

22ቱን ፈትቶ ለማዳን ተሞክሮ ነበር። መርፌው ጥቅጥቅ አድርጎ የወጋው ቦታ ግን «ቡ»ን እንደያዘ ቀረ፤ በምትኩ አዲስ ጨርቅ ተቆረጠ።