ጭሱን በበረዶ አትግደሉት

ካዛንቺስ ወይም ስታዲየም አካባቢ ገብታችሁ ውስኪ ስታዙ የሚመጣላችሁ ነገር የታወቀ ነው። አጭር ሰፊ ብርጭቆ፣ እስከ አፉ በረዶ፣ ከጎኑ ኮካ ወይ አምቦ ውሃ። ለተለመደው ብሌንድ (የተደባለቀ) ውስኪ ምንም አይደል፣ እኔም እንደዛ እጠጣዋለሁ። ከአይላ የመጣ ጭሳም ሲንግል ሞልት፣ ማለትም በአንድ ፋብሪካ ከገብስ ብቅል ብቻ የተሠራ ውስኪ፣ እንዲህ ሲቀርብ ግን አንጀቴ ያርራል።

አይላ ከስኮትላንድ በስተምዕራብ ያለች ደሴት ናት። ንፋሷ ኃይለኛ፣ ዛፏ ጥቂት፣ መሬቷ ረግረግ። እንጨት ስለማይበቃቸው ከረግረጉ ፒት እየቆፈሩ ያነዱ ነበር። ፒት ማለት ሣሩና ቁጥቋጦው ውሃ ውስጥ በቅጡ ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት እየተደራረበ የተጠቀጠቀ ጥቁር አፈር ነው፤ የሚጨምረው በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ። እንደ ጡብ ተቆርጦ ፀሐይና ንፋስ ያደርቀዋል። ብቅሉ የሚደርቅበት ምድጃ ሥር ሲነድ ጭሱ ወደ ላይ ይወጣና ገና እርጥብ የሆነው ገብስ ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ ቢጠመቅ፣ ሁለቴ ቢነጠር፣ ኦክ በርሜል ውስጥ አሥር ዓመት ቢተኛ ጨርሶ አይለቅም።

ይህን ለሀበሻ ማስረዳት ባላስፈለገ ነበር። በግራዋ ታጥቦ በወይራ የታጠነ እንስራ ውስጥ የተጠነሰሰ ጠላ የጠጣ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። እኛ ዕቃውን እናጥናለን፣ እነሱ ብቅሉን። ታዲያ የእኛ ሰው ከጭስ ሲሸሽ ይገርመኛል።

በቀደም አንድ ጓደኛዬ ላፍሮይግ የሚባለውን የአይላ ውስኪ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ። «አንተ፣ ይሄ ነገር ክሊኒክ ክሊኒክ ይላል!» አልተሳሳተም። ከፒት ጭስ የሚመጡት ፌኖል የሚባሉት ውህዶች ሬንጅ፣ አዮዲን፣ ፋሻ፣ የባሕር ጨው የመሰለ ሽታ ያመጣሉ፤ ላፍሮይግ ደግሞ በዚህ የታወቀ ነው። አሜሪካ መጠጥ በከለከለችበት ዘመን እንኳን እንደ መድኃኒት ይገባ ነበር ይባላል። ጓደኛዬ ሁለተኛውን ሲቀምስ ዝም አለ። ሦስተኛው ላይ ጠርሙሱን ወደ ራሱ ሳበው።

ስለዚህ በረዶውን ተዉት። ቅዝቃዜ ሽታውን ያፍነዋል፣ የከፈላችሁት ደግሞ ለሽታው ነው። ሰፊው ብርጭቆ ከቀረበላችሁ አስተናጋጁን የወይን ብርጭቆ ጠይቁት፤ ትንሽ ቢገረምም ያመጣላችኋል። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ መሆኑ ሽታውን ይሰበስበዋል። አፍንጫችሁን እስከ ውስጥ አትክተቱ፣ አልኮሉ ያቃጥላችኋል፤ አፋችሁን በትንሹ ከፍታችሁ ከዳር ከዳር አሽትቱ። መጀመሪያ ጭሱ ብቻ ነው የሚመጣው፣ ትንሽ ታገሱት። ከሥሩ ማር ይመጣል፣ ሎሚ ይመጣል፣ ቫኒላ ይመጣል። ከዚያ ትንሽ ተጎንጩና ምላሳችሁ ላይ አንከባሉት። እንደ አረቄ አንዴ ጭልጥ ማድረግ እዚህ ቦታ የለውም።

ውሃስ? አዎ፣ ግን ጠብታ፣ ጋዝ የሌለው። እ.ኤ.አ. በ2017 የስዊድን ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳዩት፣ የጭሱን ጣዕም ከሚሰጡት አንዱ የሆነው ጓያኮል አልኮሉ ሲቀጥን ወደ ላይኛው ገጽ ይወጣል። በተለይ አልኮሉ 46 በመቶ የሆነው የአሥር ዓመቱ አርድቤግ፣ ሌላው የአይላ ውስኪ፣ ጥቂት ጠብታ ሲነካው ይከፈታል። አምቦ ውሃን በጣም እወዳለሁ፣ እዚህ ግን ቦታው አይደለም። ጋዙ ምላስ ሲነካ ሌላው ሁሉ ይጠፋል።

ጀማሪ ከሆናችሁ ከአይላ ውስኪዎች የአሥራ ስድስት ዓመቱ ላጋቩሊን ይሻላል እላለሁ። ጭሱ አለ፣ ግን ጣፋጭነቱ ያለዝበዋል፤ ውስኪ በርሜል ውስጥ በቆየ ቁጥር ጭሱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ዕድሜውም ይረዳል። ኦክቶሞር የሚባለውን ከሁሉ ጭሳሙን ለኋላ አቆዩት። የብቅሉ ፌኖል ከሚሊዮን እጅ ውስጥ ከመቶ እጅ በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ አርድቤግ ግን 55 አካባቢ ነው። ኪሳችሁ ካልቻለ ደግሞ ጆኒ ዎከር ብላክ ሌብልን ያለ በረዶ አሽትቱት። ከአይላ የመጣ ውስኪ ይገባበታልና ጭሱ ከሩቅ ይሸታል፣ እስከ ዛሬ ኮካው ነው የደበቀው።

ከጎኑ ምን ይበላል ለሚል፣ የገብስ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ ያልገባበት። ክትፎና ዱለት ለሌላ ቀን፤ ሚጥሚጣ የነካው ምላስ ምንም አይለይም። የተከፈተ ጠርሙስ ደግሞ ለበዓል ተብሎ ዓመት አይቀመጥም። ከግማሽ በታች ሲወርድ አየሩ ጭሱን ያደክመዋል፣ ስለዚህ ጓደኛ ጥሩና ጨርሱት። እስከዚያው ግን ቁምሳጥን ውስጥ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ እንደ ወይን ከተኛ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል።