የጣሪያ መስኮትን ሞዴል ስናደርግ የሚረሳው የብርሃን መውረጃ

ሌላ ሰው በኮምፒውተር የሠራውን የሕንፃ ሞዴል ለመገምገም ስከፍት፣ የጣሪያ መስኮት ካለው ከሁሉ አስቀድሜ በእርሱ መሐል ሴክሽን (ውስጡን በጎን የሚያሳይ ቁርጥ) እቆርጣለሁ። የማየው መስታወቱን አይደለም፤ ብርሃኑ ከጣሪያው ውጫዊ ገጽ ተነሥቶ ክፍሉ ድረስ የሚወርድበት መንገድ፣ ማለትም የብርሃን መውረጃው፣ በሞዴሉ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ነው። ብዙ ጊዜ የለም። ከውጭ ሲታይ መስኮቱ በተዳፋቱ ላይ አምሮ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ግን የሙቀት መከላከያው አልተነካም፣ ኮርኒሱም ድፍን ነው።

ለዚህ ሠሪውን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም፤ የሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌሮቹ ራሳቸው ወደዚያ ይመራሉ። በሬቪት የጣሪያ መስኮት እንደማንኛውም መስኮት ፋሚሊ (ተዘጋጅቶ በሞዴሉ ላይ የሚቀመጥ ክፍል) ስለሆነ የሚቆርጠው የተቀመጠበትን ጣሪያ ብቻ ነው፤ ኮርኒሱ ራሱን የቻለ ሌላ አካል በመሆኑ በላዩ ላይ ስለተከፈተው ቀዳዳ የሚያውቀው ነገር የለም። በስኬችአፕ ደግሞ ቀዳዳ እንዲከፍት የተደረገ ኮምፖነንት (እንደ ፋሚሊ ተዘጋጅቶ የሚቀመጥ ክፍል) የሚቆርጠው የተጣበቀበትን አንድ ገጽ ብቻ ስለሆነ፣ ጣሪያው ውፍረት ካለው የውስጠኛው ገጽ ሳይነካ ይቀራል። አርኪካድ በ2011 በወጣው 15ኛ እትሙ ለጣሪያ መስኮት የተለየ መሣሪያ ማቅረቡ በጣሪያው ላይ ያለውን ሥራ በእጅጉ አቅልሏል፤ በጣሪያውና በኮርኒሱ መካከል ያለውን ክፍተት የማልበሱ ሥራ ግን አሁንም የሠሪው ነው።

ቀዳዳው በየትኛው አቅጣጫ ይከፈት የሚለው ጥያቄ ከሚገመተው በላይ ትኩረት ይፈልጋል። በሬቪት አንዱ የመክፈቻ መሣሪያ ለጣሪያው ገጽ ቀጥ ባለ ማዕዘን ሲቆርጥ ሌላው ወደ ታች ቁልቁል ይቆርጣል። ኮርኒሱ ከጣሪያው ጋር አብሮ ያዘነበለ ሲሆን የሚመረጠው አሠራር ግን ከሁለቱም የተለየ ነው፤ የላይኛው የውስጥ ልባስ አግድም፣ የታችኛው ደግሞ ቁም ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ክፍሉ ጥልቀት ይሰራጫል፣ ሞቃት አየርም በመስታወቱ ሥር መዘዋወር ስለሚችል በመስታወቱ ላይ የሚጠራቀመው እርጥበት ይቀንሳል። ይህን ቅርጽ ሁለቱም መሣሪያዎች በራሳቸው ስለማይሰጡ፣ የሚቆርጠውን ባዶ ቅርጽ በፋሚሊው ውስጥ ሠርቶ የጣሪያውን ውፍረትና የተዳፋቱን ማዕዘን በፓራሜትር (ሊለወጥ በሚችል ልኬት) እንዲቀበል ማድረግ ይሻላል። መጀመሪያ ላይ አድካሚ ነው፤ ነገር ግን የጣሪያው ውፍረት በተለወጠ ቁጥር ልባሱን እንደገና ከመሣል ያድናል።

ኮርኒሱ አግድም ሆኖ ከጣሪያው ሲርቅ የመውረጃው ጥልቀት ዋና ጉዳይ ይሆናል። የብርሃን ባለሙያዎች ይህን በአንድ ቀላል ስሌት ይገልጹታል፦ ጥልቀቱን በስፋቱና በርዝመቱ ድምር አባዝተው፣ ውጤቱን ለስፋቱና ለርዝመቱ ብዜት እጥፍ ያካፍላሉ። 60 በ120 ሴንቲሜትር የሆነ ቀዳዳ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ሲኖረው ውጤቱ 0.375 ነው፤ ጥልቀቱ 90 ሴንቲሜትር ሲሆን ወደ 1.125 ያድጋል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን፣ የግድግዳዎቹ ቀለም ነጭ ቢሆን እንኳ፣ ወደ ክፍሉ የሚደርሰው ብርሃን ያንሳል። መውረጃውን ወደ ታች እየሰፋ እንዲሄድ አድርጎ መሥራት ጉዳቱን ይቀንሳል፤ ይህን ውሳኔ ለመወሰን ግን መውረጃው በሞዴሉ ውስጥ መኖር አለበት።

በብርሃን ስሌት ፕሮግራሞች ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ከሁሉ ይከፋል። ለስሌት በሚያገለግለው መደበኛ ደመናማ ሰማይ፣ የሰማዩ አናት ከአድማሱ ሦስት እጥፍ ይደምቃል፤ ስለዚህ ወደ ላይ የሚያይ መስኮት በተመሳሳይ ስፋት ካለው የግድግዳ መስኮት የበለጠ ብርሃን ያስገባል። መውረጃው ካልተሣለ ወይም ኮርኒሱ ካልተከፈተ ውጤቱ በመጀመሪያው ሁኔታ የተጋነነ፣ በሁለተኛው ደግሞ ዜሮ ይሆናል። ዜሮው ይሻላል እላለሁ፤ እርሱን ማንም ያስተውለዋልና።

መስታወቱም ጣጣ አለው። ከብርሃን ስሌት ፕሮግራሞቹ አንዱ በሆነው በራዲያንስ የመስታወት ማቴሪያል የተዘጋጀው ውፍረት ለሌለው አንድ ገጽ ነው፤ 88 ከመቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ተራ መስታወትን ለመወከል የሚሰጠውም ቁጥር 0.96 ነው፣ ምክንያቱም በገጾቹ ላይ የሚንጸባረቀውን ፕሮግራሙ ራሱ ያሰላል። ከሬቪት ወይም ከሌላ ሶፍትዌር ውፍረት ያለው መስታወት እንዳለ ከተላከ ግን ጨረሩ ሁለት ጊዜ እንደ ሙሉ መስታወት ስለሚቈጠር፣ 88 ከመቶው ወደ 77 ገደማ ይወርዳል። ከመላኩ በፊት ከሁለቱ ገጾች አንዱን ማስቀረት ይበቃል።

ጣሪያው ዝቅተኛ ተዳፋት ያለው ሲሆን መስኮቱ ከጣሪያው ገጽ ከፍ ባለ መቀመጫ ላይ ይሆናል። ለምሳሌ የአሜሪካው የመኖሪያ ቤቶች ኮድ፣ ተዳፋቱ ከ3 ለ12 (በ12 አግድም 3 ከፍታ) ሲያንስ መቀመጫው ቢያንስ ወደ 10 ሴንቲሜትር ከፍ እንዲል ይጠይቃል። ይህ ከፍታ በመውረጃው ጥልቀት ላይ ይደመራል።

በፕላን ላይ ያለው ጉዳይ አጭር ነው። ፕላኑ ሕንፃውን የሚቆርጥበት ከፍታ ብዙውን ጊዜ ከወለሉ 1.20 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚሆን መስኮቱ ከላይ ይቀራል፤ በተቆራረጠ መስመር ማሳየት የተለመደ ነው። በ45 ዲግሪ ተዳፋት ላይ 118 ሴንቲሜትር የሆነ መስኮት በፕላን 83 ሴንቲሜትር ብቻ ሆኖ ስለሚታይ፣ ለማዘዣ የሚያገለግለው ልኬት ከፕላኑ ላይ ሳይሆን የመስኮቶቹን ልኬት ከሚዘረዝረው የመስኮት ሠንጠረዥ መወሰድ አለበት። ትልልቅ የመስታወት ጣሪያዎች በሬቪት እንደ ጣሪያ ዓይነት ስለሚሠሩ ግን በመስኮት ሠንጠረዥ ውስጥ ጭራሽ አይገቡም፤ የመስታወት ስፋት የሚያሰላ ሰው በጣሪያ ሠንጠረዥ ለብቻ ሊፈልጋቸው ይገባል።