ከረከቦቱ አጠገብ የተቀመጠ ስልክ

በ2013 ዓ.ም. ጧት ጧት ፊቴን ሳልታጠብ የማደርገው ነገር ቢኖር ስልኬን ከትራስ ሥር አውጥቶ ዜና ማገላበጥ ነበር። ጥቅምት 25 ቀን በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ወራት አስቆጥሮ ስለነበር፣ ሌሊቱን ምን ተፈጠረ የሚለው ጥያቄ ከእኔ ቀድሞ ይነቃል። ቁርስ ላይ አነባለሁ፤ የታክሲ ሰልፍ ላይ አነባለሁ፤ ማታ ልጄ ፊደል ስትቆጥርልኝ «እሺ፣ ቀጥዪ» እያልኩ በአንድ ዓይኔ አነባለሁ። ይህንንም ለአገር እንደማሰብ እቆጥረው ነበር። አንድ ቀን በቁጭት ያጋራሁት ፎቶግራፍ ከሌላ አገር ጦርነት የተወሰደ ሆኖ ተገኘና አንድ የሥራ ባልደረባዬ በጨዋ ቋንቋ ነግሮኝ አጠፋሁት፤ ያየው ሰው ግን አይቶታል።

ግቢያችን አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። እህታቸው መቀሌ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ስልኩ እንደገና ሲቋረጥ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ድምፃቸውን ሳይሰሙ ቆዩ። እሑድ ከሰዓት ግን እንደ ወትሮው ቄጤማው ይጎዘጎዛል፣ ፈንዲሻው ይፈነዳል፣ ቡናው ይቆላል። ስልካቸው ከረከቦቱ አጠገብ ባለች ትንሽ ዱካ ላይ፣ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ይቀመጣል። የተቆላውን ቡና ይዘው እየዞሩ ጢሱን ሲያሸትቱን እንኳ ዓይናቸው ወደዚያች ዱካ ይመለሳል።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልተዋጠልኝም ነበር፤ ሰው እንዲህ ተጨንቆ ቄጤማ መጎዝጎዝ እንዴት ይሆንለታል እያልኩ በልቤ እታዘብ ነበር። አንድ እሑድ የሆነ ቀልድ ሰምቼ ሳቄ ካመለጠኝ በኋላ አፍሬ ጸጥ ስል አዩኝና፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ ቡናውን ብተወው ስልኩ ይሠራል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

ወደ ቤቴ ስመለስ ትዝ ያለኝ የምርጫው ቀን፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ለሲቪክ ማኅበራት ያጠበበውን በር አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መልሶ ስለከፈተው፣ በስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ እኔም በበጎ ፈቃደኝነት በታዛቢነት ተመድቤ ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ጣቢያው ደርሼ ሳጥኖቹ ባዶ መሆናቸው ሲታይ ተመለከትኩ። ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ መንገዱን ይዞ ስለነበር፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሊዘጋ የነበረው ድምፅ አሰጣጥ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዘመ። ብርዱ ሲጠና የሁለት ተፎካካሪ ፓርቲዎች ወኪሎች ከአንድ የወረቀት ከረጢት ቆሎ ሲዘግኑ አየሁ፤ ቀኑን ሙሉ በአንድ ቃል ሳይስማሙ የዋሉት ሁለቱ ሰዎች፣ ሽንብራው በዝቷል በሚለው ተስማሙ። ምርጫው እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ ትግራይ ውስጥ ጨርሶ ድምፅ አልተሰጠም፣ በሌሎች ክልሎችም ሳይመርጡ የቀሩ ብዙ ወረዳዎች ነበሩ። እኔ ግን ያን ቀን ስልኬን አልከፈትኩም። ጭንቀቴ እጅ አግኝቶ ቅጽ ሲሞላ ዋለ፤ ቆሎውም ጣፈጠኝ።

ከዚያ ወዲህ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኛለሁ። ሥራው ጮክ ብሎ የሚነገርለት አይደለም፤ ቃለ ጉባኤ መጻፍ፣ መዋጮ ያልከፈሉትን ማስታወስ (ይህ ከፖለቲካ ይከብዳል)፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ሞልቶ የልጆቹን የትምህርት ቤት መንገድ ስለሚያጥለቀልቀው ቦይ ለወረዳው ደብዳቤ ማርቀቅ። ዜና የማነበው ከእራት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብዬ ለባለቤቴ ቃል ገብቻለሁ፤ እሷም ቃሌን ስንት ጊዜ እንዳጠፍኩ ትቆጥራለች።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ፤ የመቀሌ ስልክ የተመለሰው ግን ታኅሣሥ ላይ ነው። ዱካዋ ላይ ያለው ስልክ ሲጮህ ጎረቤቴ ቡና እየቆሉ ነበር። ምጣዱን ከምድጃው ሳያወርዱ ስልኩን አነሱ። ከወዲያ ማዶ የሚሰማው ለቅሶ ይሁን ሳቅ ሳይለይልን ቡናው ከሰለ፤ ማናችንም ለማውረድ አልተነሳንም። የከሰለውን ቡና እስከ በረካ ድረስ ጠጣነው።

ብዙም ሳይቆይ ተራው የእኔ ሆነ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ አክስቴ ጎጃም ነበረች፤ የሞባይል ኢንተርኔቱም ተዘጋ። እኔም ወደ ጧቱ ልማዴ ተመለስኩ። በተከታታይ ሁለት እሑድ ቡናውን ቀረሁ፤ በሦስተኛው ጎረቤቴ ልጃቸውን ልከው አስጠሩኝ። ስገባ ምንም አላሉኝም። ስልኬን ከእጄ ተቀብለው፣ ድምፁን ከፍ አድርገው፣ ያችው ዱካ ላይ አስቀመጡትና አቦሉን ቀዱልኝ። ቶናው ላይ ስንደርስ፣

«ያ የቦዩ ደብዳቤ ለወረዳው ገባ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አልገባም፤ አልጨረስኩትም» አልኳቸው።

«እንግዲያው በረካውን ጠጣና ሄደህ ጨርሰው። ስልኩ እዚሁ ይቆይ፤ ከጠራ እኔ እጠራሃለሁ።»