ከጁባ ለደሴ፣ እንኳን አደረሳችሁ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ! ዘንድሮ ገና ረቡዕ ዋለ። ረቡዕ ነው ብሎ የሚጾም ስለሌለ ዶሮውም ቅርጫውም አልቀረም፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። እዚህ ጁባ ገና ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። የቢሮ ሰዎች ዛፋቸውን አውርደው ካርቶን ውስጥ ከትተዋል፣ እኔ ገና ጾም መፍታቴ ነው። ጠዋት ደግሞ ስብሰባ አለብኝ። ስለዚህ ከሌሊት ጀምሮ የዶሮ ወጥ ፎቶ የምትልኩልኝ ወዳጆቼ፣ እግዜር ይይላችሁ።

«በዶላር ነው አይደል የሚከፍሉህ?» እያላችሁ ውስጥ ለውስጥ የምትጽፉልኝም እንኳን አደረሳችሁ። ስለ ሥራው ጠይቃችሁኝ ስለማታውቁ ሳትጠይቁ ልንገራችሁ። ድርጅቱ የክርስቲያን ስለሆነ ቀኑ በጸሎት ይጀመራል። ካቶሊኩም አንግሊካኑም ጴንጤውም በጁባ ዓረብኛ አንድ ላይ ይዘምራል፤ እኔ ጥግ ይዤ አቡነ ዘበሰማያቴን እደግማለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሪፖርት፣ በጀትና የነዳጅ ደረሰኝ ነው። መስክ ስወጣ የምሄደው ሬንክ፣ የሱዳን ጠረፍ ነው። የሱዳን ጦርነት የተነሣው በ2015 ዓ.ም. በቀዳም ሥዑር ዕለት ነበር፤ እኛ ለፋሲካ ሽንኩርት ስንከትፍ ካርቱም ላይ ተኩስ ተከፈተ። ሰዉ ዛሬም በጆዳ ኬላ በኩል ይገባል። እኛ የሕፃናቱን ክንድ እንለካለን። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ መለኪያው ቀይ ላይ ያርፋል፣ ልጁም ፕላምፒ ናት የሚባለውን ባለ 92 ግራም የኦቾሎኒ አልሚ ምግብ ይጀምራል። መጀመሪያ ግን መብላት መቻሉ መታየት አለበት። እናትየው የፓኬቱን ጥግ በጥርሷ ትቀድና ጨመቅ አድርጋ ጣቷ ላይ ታወጣለች። ልጁ ፊቱን ያዞራል። ትጠብቃለች። እንደገና ታቀርብለታለች። ጣቷን ሲልስ በዙሪያው ያለነው ሁሉ ተንፈስ እንላለን።

ሃይማኖቱን የሚጠይቀው የለም። ዕርዳታ የሃይማኖት ማስፋፊያ አይሁን የሚለው የቀይ መስቀልና የሌሎች ድርጅቶች የሥነ ምግባር ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ደሴ ሸዋ በር ግን እትዬ ከዚያ ቀድመው ይሠሩበት ነበር።

እናቴ በ77ቱ ድርቅ ከቆቦ በኩል አባቷን ተከትላ ደሴ ስትገባ ትንሽ ልጅ ነበረች። አባቷ ብዙ አልቆዩም። ያሳደጓት እትዬ ናቸው። እትዬ ሙስሊም፣ እናቴ ክርስቲያን። ማተቧን የነካባት የለም። የዕርዳታ ፋፋ ሲገኝ ለእሷም ለልጆቻቸውም ከአንድ ድስት ያወጡ ነበር። ጾም ሲገባ ሽሮዋን ለብቻ ይሠሩላታል። ለበዓል ዶሮ የሚያርድላት ክርስቲያን ጎረቤት ይለምኑላታል። የገና ሌሊት ደግሞ ቀስቅሰው፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር የታኅሣሥ ብርድ፣ መድኃኔዓለም በር ድረስ አድርሰዋት ብቻቸውን ይመለሱ ነበር። እናቴ ይህን የምትነግረን ስለ እሳቸው ደግነት ለማውራት ብላ አይደለም። ስለ ብርዱ ስታወራ ነው።

እትዬ ነሐሴ ላይ ወደ አኼራ ሄዱ።

አልነገሩኝም። እህቴ በደወልኩ ቁጥር «ሶላት ላይ ናቸው» ትለኛለች። ቀን ብደውል ሶላት፣ ማታ ብደውል ሶላት። ሰው ምንም ቢጸልይ! ለካ እንቁጣጣሽ ይለፍ ብለው ነው። ከበዓሉ ማግስት ገና ጎሕ ሳይቀድ የግቢው በር ተንኳኳ። ምግብ ቤት ያላት የአገሬ ልጅና የውሃ ቦቴ የሚነዳው ወንድማችን ጎን ለጎን ቆመዋል፤ እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ሐበሻ ሳይደውል በማለዳ ከመጣ ነገሩ የታወቀ ነው፤ የቀረው ማን እንደሆነ ብቻ ነው። እናቴ መስላኝ ጉልበቴ ከዳኝ። እህቴ የእነሱን ስልክ ከየት እንዳገኘች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ሙስሊም ሬሳ አያሳድርም፤ በዕለቱ ቢነግሩኝም ቀብር አልደርስም ነበር። አርባቸው ግን አልወጣም ነበርና ፈቃድ ጠየቅሁ። የኀዘን ፈቃድ ቅጽ አለ። ከሟች ጋር ያለህን ዝምድና ምረጥ ይላል፦ እናት፣ አባት፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ አያት። «እናቴን ያሳደጉ ናቸው» አልኩ። «በሕጋዊ ጉዲፈቻ?» ተባልኩ። በ77 ደሴ ላይ፣ ለተራበ ልጅ ማን ፋይል ከፍቶ! «እንግዲያው ጎረቤት ናቸው ማለት ነው» ተባለና ፈቃዱ ሳይሰጠኝ ቀረ። የከለከለኝን ሰው አልቀየምም፣ ቅጹን ግን እስካሁን ተቀይሜዋለሁ። በየቀኑ ሬንክ ላይ የሰው ልጅ አዝለው የሚገቡ ሴቶችን እየመዘገብን እንዴት እንዲህ ያለ ቅጽ ይኖረናል?

ስለዚህ የዘንድሮው ምስጋናዬ ስም ባልጠራም ሰው ለይቶ ነው። ለምግብ ቤቷ እህቴ፦ የምሳ ገበያሽን ዘግተሽ ፍራሽ አወጣሽልኝ፣ ንፍሮ ቀቀልሽ፣ የማያውቁኝን ሰዎች ሳይቀር ለቅሶዬ ላይ አስቀመጥሽ። ለቦቴው ወንድሜ፦ ላላየሃቸው እናት ፋቲሓ ቀርተህላቸዋል፣ ቡናው ላይ ዱአ አድርገህላቸዋል፤ እኔ ለእሳቸው የማልችለውን አንተ ቻልክልኝ። የሬንክ ተራዬን ወስደሽ ለሄድሽው ደቡብ ሱዳናዊት ነርስ፦ ዝምድናውን እንኳ አልጠየቅሽም። አምና ጥር አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ካገደች በኋላ የስንብት ደብዳቤ ለደረሳችሁ ባልደረቦቼም፤ ደመወዝ ሳይኖራችሁ ለጠዋቱ ጸሎት የምትመጡት እናንተ አጠገቤ ስትቆሙ ድምፄ ይሰበራል።

እናቴ፣ እንኳን አደረሰሽ። ዘንድሮ ወደ መድኃኔዓለም ስትወጪ ጋቢ ደርቢ።

ላሊበላ ላይ ቤዛ ኩሉ ላይ ለቆማችሁ ሁሉ፣ ለእኛም አድርሱልን። በየትኛውም ወገን ሆናችሁ የወሎን መንገድ ለምትዘጉ ግን የበዓል ምኞት የለኝም፤ መንገዱን ክፈቱ፣ ሰው እናቱን ይይበት።

እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ስሚኝ። የእትዬ ልጆች ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ፤ እንደ ድሮው ይምጡ በያቸው። ለእነሱ የሚሆነውን በግ ታላቅየው ራሱ ይረድ፤ ድስቱም ቢላውም ለብቻ ይሁን፣ እትዬ የሉም ተብሎ ነገሩ እንዳይላላ። ብሩን ትናንት ልኬዋለሁ። ቡናው ሲቀርብ ደውሉልኝ፤ እኛ ከእናንተ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነን፣ ስለዚህ በእናንተ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አትሞክሩ፣ ስብሰባው አያልቅም። ኔትወርኩ ከቆረጠም ደጋግሙት።