ሐሙስ ሪፖርት የሚጻፍበት ቀን አይደለም

ዛሬ ጂንካ ላይ ከወጣት ወንጌላውያን ጋር ስለ ጊዜ አጠቃቀም ስናወራ ዋልን። ሁሉም የሳምንት ፕሮግራማቸውን ወረቀት ላይ አሰፈሩ። ቀይ አፈር የሚያገለግለው ልጅ "ሐሙስ፦ ሪፖርት ዝግጅት" ብሎ ጽፏል። ኧረ ወንድሜ! ሐሙስ እኮ የቀይ አፈር ገበያ ነው። የአካባቢው ሕዝብ፣ በናው፣ ፀማዩ፣ አሪው፣ ማሩንና ፍየሉን ይዞ ደጅህ ድረስ ይመጣል። አንተ በር ዘግተህ ሠንጠረዥ ትሞላለህ?

"ካልደረሰ ቢሮ ይቆጣል" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቢሮም ወረቀት ይወዳል። ሪፖርቱን ወደ ሰኞ ገፋነው። ዲመካ ላለችውም እህት የገበያ ቀኖቹን፣ ማክሰኞና ቅዳሜን፣ ነጻ አደረግንላት።

ይበልጥ ያስቸገረን ግን ሌላ ነገር ነው። በሽተኛ ጤና ጣቢያ ማድረስ፣ ሽምግልና፣ ማመልከቻ መጻፍ፣ ሁሉም ወንጌላውያኑ ላይ ነው። እምቢ ማለት ደግሞ እኛ ጋ ነውር ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ከፈትን። ሐዋርያቱ የመበለቶቹን ማዕድ ለ7 ሰዎች አስረከቡ እንጂ ሥራውን አልናቁትም።

"እኔ ጋ 7 ሰው ከየት ይመጣል?" አለ አንዱ። ሳቅን። ባለህ ጀምር አልነው። አሰብ አድርጎ የሁለት ሰው ስም ጻፈ። አንደኛዋ ገና አዲስ አማኝ ናት፤ "ትችለው ይሆን?" ብሎ አመነታ። እኔ ግን ሽምግልናውን ሳይቀር ትችለዋለች ባይ ነኝ።