እሁድ ጠዋት የምሄድላቸው ሰዎች

«ቅዳሴው በስልክ በቀጥታ ይተላለፍ የለ? በዚህ ብርድ ምን ያስወጣሻል?» አለችኝ የሥራ ባልደረባዬ። ብርዱን በተመለከተ እውነቷን ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በታኅሣሥ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከብርድ ልብስ መውጣት ራሱ ገድል ነው። ከጦሳ ተራራ በኩል ነፋሱ ሲወርድ ነጠላ ብቻውን አያድንም፣ ጋቢ ነው የሚያዋጣው።

ግን በስልክ ሳስቀድስ ክንዴን የሚይዝ ሰው የለም።

ጎረቤቴ እማማ ጉልበታቸው ደክሟል። መድኃኔዓለም እስክንደርስ በባጃጅ፣ ከዚያ እስከ ሴቶቹ መቆሚያ በእኔ ክንድ ነው። ባለባጃጁ የሙስሊም ጎረቤታችን ልጅ ነው። «አብሽሩ እማማ፣ ቀስ ይበሉ» እያለ ያወርዳቸዋል፤ ሒሳብ ሲያወጡ ይቆጣል። ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ሲል እሳቸው ከሁላችን ቀድመው ለመነሳት ይታገላሉ። «ይቀመጡ እንጂ፣ ለእርስዎ እኮ ይፈቀዳል» ብላቸው «አንቺ ልታሰንፊኝ ነው!» ይሉኛል። እሳቸው ቆመው እኔ ምን ብዬ ልቀመጥ?

ሕፃን ልታቆርብ የመጣች እናት ደግሞ አለች። ራሷም ለመቁረብ 18 ሰዓት ጾማለች፣ ልጁ ስላልጠባ ይጮሃል፣ ነጠላዋ ይወድቃል። እንዲህ ስትሆን ልጁን ተቀብሎ ትንሽ ማባበል ነው። ይህን ሳደርግ ጸሎቱ ያመልጠኛል የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። እኔ እንደውም ልቤ የሚሰበሰበው ያኔ ነው፤ ዝም ብዬ ስቆም የማስበው የቤት ኪራይና የዘይት ዋጋ ነው።

ዋናው ነገር ግን ከ«እትዉ በሰላም» በኋላ ያለው ነው። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሰው በየአቅጣጫው ተበታተነ። ስንመለስ ግቢው ውስጥ ቆመን «እከሊትስ? የእከሌ እናትስ?» መባባል ጀመርን፣ ያ ልማድ ሆኖ ቀረ። አሁንም ሰው ሲቀር እንጠያየቃለን፣ እንደዋወላለን፣ ስልክ ካላነሳ ቤቱ እንሄዳለን። ቅሬ (እድር) አለን፣ እግዚአብሔር ይስጠው፤ ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። ችግሩ ቅሬ በደንብ የሚደርሰው ከሞትን በኋላ መሆኑ ነው። እኛ ቀደም ብለን ብንደርስ ምን አለበት?

አንዲት ብቻዋን የምትኖር ሴት እንዲህ ነው ያገኘናት። ትኩሳት ጥሏት፣ ውኃ የሚያቀብላት እንኳ አልነበረም። ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ ተራ ገብተን አጥሚት እያፈላን ከረምን፣ ዳነች። አሁን የቀረ ሰው ፈላጊዋ እሷ ናት፣ ከእሷ የሚያመልጥ የለም። ሰሞኑን እኔ ቀርቼ በማግሥቱ ገና በጠዋቱ ደወለች። ጉንፋን ነው ብላት ዳማከሴ ይዛ ከተፍ አለች፤ ገና ሳትቀመጥ «ለመሆኑ ትናንት እማማን ማን ወሰዳቸው?» ብላ አፋጠጠችኝ።