የፋሲካው ጉርሻና የሚዛኑ 400 ግራም

ሰሞኑን አንዲት የአዲስ አበባ ወዳጄ ልጄ ነጭ የጁዶ ልብስ ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ አይታ «እንዴት ሴት ልጅሽን ለትግል ትሰጫለሽ?» ስትል ጠየቀችኝ። አልከፋኝም፤ ፓሪስ የገባሁ ሰሞን እኔም የምጠይቀው ይኸንኑ ነበር።

መልሴ ፈረንሳዊቷ የጁዶ ተወዳዳሪ ክላሪስ አግቤኜኑ ናት። ከቶጎ ከመጡ ወላጆች በፈረንሳይዋ ሬን ከተማ የተወለደችው ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ፍጻሜ በስሎቬንያዊቷ ቲና ትርስቴንያክ ተሸንፋ የብር ሜዳሊያ አገኘች፤ በ2021 ቶኪዮ ላይ ያችኑ ተጋጣሚዋን አሸንፋ ወርቁን ወሰደች። በ2022 ልጅ ወልዳ፣ በተከታዩ ዓመት ዶሃ ላይ ለስድስተኛ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። የስደተኛ ልጅ እንዲህ ስትከበር ያየች እናት ልጇን ከጁዶ ልታስቀር አትችልም።

ልጄም ያን ጊዜ የምትወዳደረው በእርሷው የክብደት ምድብ፣ ከ63 ኪሎ በታች ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ሁዳዴን አብራኝ ጾማ ፋሲካ ሲደርስ፣ ውድድሯ በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ሆነ። በበዓሉ ማዕድ «እማዬ፣ ይበቃኛል» ብትለኝ፣ እንግዶቼ «ዶሮ ወጡን ናቀችው» እንዳይሉ ሰግቼ ጉርሻ ደራረብሁባት፤ ሳምንቱን የተጠራንባቸው ቤቶችም እንዲሁ አደረጉ።

በውድድሩ ጠዋት ሚዛኑ 63 ኪሎ ከ400 ግራም አሳየ። አሠልጣኟ ካፖርት አስደርቦ በመተላለፊያው አስሮጣት፤ ሰዓቱ ሲያልቅ የቀነሰችው 100 ግራም ብቻ ስለነበር ከውድድሩ ውጭ ሆነች። በወላጆች ሁሉ ፊት «ምን አብልተዋት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ጉርሻን በፈረንሳይኛ የምገልጽበት ቃል አጣሁ። ለመኖሪያ ፈቃድ በተሰለፍሁባቸው ዓመታት እንኳ እንደዚያ ዕለት አላፈርሁም። ሆኖም ጥፋቱ የእኔ ብቻ አልነበረም፤ በማደግ ላይ ያለችን ልጅ ለጥቂት ግራም ሲባል ላብ እስኪያጠምቃት ማስሮጥ ከእኔ ጉርሻ የከፋ ጭካኔ ነው።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ውጭ አገር ለመውጣት የምታስቡ እናቶች፣ ክለብ ስታስመዘግቧቸው የሚዛኑን ቀን ጠይቃችሁ ከጾሙና ከበዓሉ ጋር አስተያዩት። ልጅ አድጋ ምድቧ ከጠበባት ወደሚቀጥለው ትለፍ እንጂ ተርባ አትቅነስ፤ ይህን ለአሠልጣኙ ሳትፈሩ ንገሩት። እኔም ቆይቶ ነገርሁት፤ ልጄ አሁን በ70 ኪሎው ምድብ ትወዳደራለች። ፋሲካ ሲመጣም «ይበቃኛል» ስትለኝ እጄን እመልሳለሁ።